የተሸነፈ ይነሳል

መርካቶ ውስጥ ስለ ፊልም የሚደረግ ክርክር በደንብ የሚሞቀው መብራት ሲጠፋ ነው። ከሰባተኛ ወደ ውስጥ በሚያስገቡት ቅያሶች በአንዱ ባለች የፕሌይስቴሽን ቤት ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። ቤቷ ከሱቅ ጓዳ አትሰፋም። ጥቂት ቴሌቪዥኖች፣ ግድግዳ ተጠግቶ የተቀመጠ ረጅም አግዳሚ፣ ገመዳቸው በፕላስተር የተጠገነ ጆይስቲኮች፣ በማርከር «ማጨስም መቃምም ክልክል ነው» የተባለበት ካርቶን አሏት። መብራቱ ድርግም ሲል በሰዓት የከፈለው ሂሳቡ ስላላለቀ አይወጣም፤ ተራ የያዘውም ተራውን ጥሎ አይሄድም። ሁሉም ጨለማው ውስጥ ቁጭ ይላል። ከዚያ አንዱ «ራምቦ ሁለት ከአንዱ ይበልጣል» ይላል፤ በዚያው ይቀጥላል።

ስለ ጌም ማኅበረሰብ ሲወራ ብዙ ሰው የሚያነሳው አዲስ ማሽን፣ ፈጣን ኢንተርኔት፣ ትልቅ ውድድርና ሽልማት ነው። ሁሉም ያስፈልጋሉ። እኔ ግን ማኅበረሰቡን ማኅበረሰብ የሚያደርገው ያ አግዳሚ ነው ባይ ነኝ። ተራ የሚጠበቅበት፣ የተሸነፈ ሰው ተነስቶ የሚቀመጥበትና በመካከሉ ሳይተዋወቁ የሚከራከሩበት ቦታ ነው። ክርክሩም ተራ ወሬ ተብሎ የሚናቅ አይደለም።

የራምቦውን ነገር እንውሰድ። የቪዲዮ ቤት ዘመን ልጆች ፊልም በቅደም ተከተል አላዩም። ባለቤቱ ያገኘውን ካሴት ዴኩ ውስጥ ይከታል፤ በር ላይ ባቆመው ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ «አንድ የህንድ፣ አንድ ካራቴ» ብሎ ይጽፋል። ስንተኛው ክፍል ነው ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ስለዚህ ብዙ ሰው ራምቦን ያወቀው እ.ኤ.አ. በ1985 በወጣው በሁለተኛው ክፍል፣ በጫካው፣ በቀስቱና በሄሊኮፕተሩ ነው። የ1982ቱን የመጀመሪያውን ፊልም በኋላ ሲያገኘው ቀዘቀዘበት። ጦር ሜዳ የለበትማ! ከጦርነት የተመለሰ አንድ ሰው በእግሩ እየተጓዘ ትንሽ ከተማ ይደርሳል፤ የከተማዋ ፖሊስ አዛዥ ልብሱንና ጸጉሩን አይቶ ሊያባርረው ይነሳል፤ ነገሩ ከዚያ ይበላሻል።

አንድ ጊዜ እዚህ ክርክር ውስጥ አንድ ጎልማሳ ገቡ። በቅርብ ካለ መጋዘን ዕቃ የሚያስጭኑ ሰው ናቸው። ልጃቸውን ሊጠሩ መጥተው፣ መብራት ሲጠፋ እሳቸውም ከአግዳሚው ጫፍ ተቀምጠው ነበር። ልጆቹ ሁለተኛውን እያወደሱ ሲጯጯሁ ዝም ብለው ሰሙና «የአንደኛውን መጨረሻ አይታችኋል?» አሉ። ከዚያ በራሳቸው አፍ ተረኩት። ራምቦ የቀድሞ የጦር አዛዡ ፊት ይንሰቀሰቃል። ጦር ሜዳ ላይ የሚሊዮን ብር መሣሪያ ያምኑኝ ነበር፣ አገሬ ስገባ ግን መኪና የማቆም ሥራ እንኳ አልበረክትልህ አለኝ ይላል። «እሱን ሳይ አልቅሻለሁ፤ እኛንም በ1983 ሲበትኑን እንደዚያው ነበር» አሉ። አንዱ ልጅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ የት ነበሩ?» አለ። ከዚያ ወዲያ የፊልሙ ነገር ቀረና የቀድሞው ሠራዊት ሲፈርስ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ወታደር እንዴት አገሩ እንደገባ፣ ማን ሸክም ላይ እንደዋለ፣ ማን ዘበኛ እንደሆነ ሲነገር ቆየ። ልጃቸውም አብሮ ይሰማ ነበር። በፊት ሰምቶት እንደሁ እንጃ።

ይህን ታሪክ ያመጣሁት አንድ ነገር ስለሚያሳይ ነው። ክፍል አንድ ይበልጣል ወይስ ክፍል ሁለት የሚለው ጥያቄ ውስጡ ሲገባ አንተ ማን ነህ፣ ከየት መጣህ የሚል ጥያቄ አለው። ጫካውን የወደደ ልጅ ድል ማየት ፈልጓል፤ መጨረሻውን የወደዱት ሰው ከድሉም ከሽንፈቱም በኋላ ያለውን ኑሮ ያውቁታል።

የመንደር ልጆች ሁሉ የሚያውቁት ሕግ አለ፤ አክተር አይሞትም። ራምቦ ዋና ማስረጃው ነው። ዴቪድ ሞሬል እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው ልብ ወለድ ውስጥ ራምቦ ይሞታል። ፊልሙም ሲሠራ የሚሞትበት መጨረሻ ተቀርጾ ነበር፤ ለሙከራ የታየላቸው ተመልካቾች ግን አልወደዱትም፤ ተቀየረ። ክፍል ሁለትም ክፍል ሦስትም የተገኙት በዚያ ነው። ተመልካቹ እምቢ ባይል ኖሮ ዛሬ የምንከራከርበት ነገር አይኖርም ነበር።

የኛ አገር ፊልም ሠሪዎችም በክፍል ሁለት መንገድ ሄደውበታል። «የወንዶች ጉዳይ» ሁለተኛ ክፍል ነበረው፤ የቴዎድሮስ ተሾመ «ሶስት ማዕዘን»ም እንደዚሁ፤ በቴሌቪዥን ደግሞ «ገመና»። በዚያ አግዳሚ ላይ ከነዚህ ሁሉ ረጅም ክርክር የሚያስነሳው «ሶስት ማዕዘን» ነው፤ ምክንያቱም ታሪኩ የስደት መንገድ ነው። መርካቶ ውስጥ ወንድሙን ወይም የጎረቤቱን ልጅ በዚያ መንገድ ያልሸኘ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ስለዚህ ሰው የሚከራከረው ስለ ትወናው ብቻ አይደለም፤ «እንደዚያ አይደለም፣ ደላላው መጀመሪያ ስልክህን ነው የሚወስደው» የሚል እርማትም ይመጣል። ፊልም ሠሪዎቻችን እነዚህን እርማቶች ቢሰሙ ብዬ እመኛለሁ። ፕሪሚየር ላይ ቀይ ምንጣፍ የሚረግጠው እንግዳ ይህን አይነግራቸውም።

ወደ ጌሙ ልመለስ። ጌም ላይ ክፍል ሁለት በየዓመቱ ነው የሚመጣው። ፊፋ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ሳያቋርጥ ወጥቷል። አምራቹ ከዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ጋር ከተለያየ በኋላ በ2023 ስሙን ቀይሮታል፤ እዚህ ግን ያው ፊፋ ነው። ከሱ ጋር የሚፎካከረው ፔስ ነበር፤ የሁለቱ ደጋፊዎች ጠብ የአርሴናልና የማንቸስተርን ያህል የከረረበት ጊዜ አለ። ፔስ ኳሱ እንደ እውነተኛ ኳስ ይንከባለላል ይላሉ እነዚያ፤ ፊፋ እውነተኛ የክለብ ስምና ማሊያ አለው ይላሉ እነዚህ። ይህ ሁሉ የተከረከረው በአብዛኛው በፕሌይስቴሽን ሁለት ላይ ነው። ማሽኑ እ.ኤ.አ. በ2000 ወጥቶ በዓለም ዙሪያ ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል፤ ለሱ የተሠራው የመጨረሻው ፊፋ በ2013 የወጣው ፊፋ 14 ነው። ኩባንያው አበቃ ቢልም የመርካቶ ቤቶች አላበቁም። አፍቃሪዎች በየአገሩ ቁጭ ብለው አዲሱን የተጫዋች ዝውውር ያስገቡበት ዲስክ እየተገለበጠ፣ አሮጌው ማሽን አዲስ ቡድን ይዞ ቀጠለ።

ሌላ አገር ያለ ተጫዋች ማኅበረሰቡን የሚያገኘው ኢንተርኔት ላይ ነው። እዚህ ግን የሶኒ ኦንላይን መደብር ኢትዮጵያን ከሚያገለግላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ አላስገባም፤ ብር የያዘ ካርድም እዚያ አይሠራም፤ የዳታውም ዋጋ አለ። ተጋጣሚህ ትከሻህን ነክቶ የተቀመጠው ልጅ ነው። ጎል ሲያገባብህ ትንፋሹን ትሰማለህ። ይህ ከእጦት የመጣ ነው፤ እጦቱን አላወድስም። ያስገኘውን ነገር ግን ሳላየው ማለፍ አልችልም። ሊስትሮውና የጅምላ ነጋዴው ልጅ እኩል የሚሆኑበት ቦታ መርካቶ ውስጥ ስንት ነው? የቤቷ ሕግ አንድ ናት፤ የተሸነፈ ይነሳል። አባትህ ስንት ሱቅ አለው ተብሎ አይታይልህም።

ሕጉ ሲባል ደግሞ ቀልድ አይደለም። ጨዋታው መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ ምን ይሁን? በዚያች ቤት የሚሠራበት እንዲህ ነው፤ ሰዓቱ ከ70ኛው ደቂቃ ካለፈና አንዱ በሁለት ጎል ከመራ አሸናፊ ነው፤ ካልሆነ እንደገና ይጀመራል፤ ሂሳቡ ግን አንዴ ብቻ ይከፈላል። ቅጣት ምት ሊመታ ሲል ጨዋታውን ያቆመ ምቱን ያጣል። ማንም ጽፎ አልለጠፈውም፤ አዲስ የመጣ ልጅ ግን በአንድ ከሰዓት ይማረዋል። ሁለት ቅያስ አልፈህ ሌላ ቤት ብትገባ ሌላ ሕግ ታገኛለህ፤ ጆተኒ ላይም እንደዚሁ ነው። አንዱ ሰፈር ዘንጉን ማሽከርከር ይከለክላል፤ ሌላው ይፈቅዳል።

ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ገበጣ ባሳተመው ጥናት በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ከመቶ የሚበልጡ የገበጣ ዓይነቶችን መዝግቧል። ጉድጓድና ጠጠር ነው፤ ከመቶ በላይ ዓይነት ግን ከየት መጣ? በየቦታው የተቀመጡ ሰዎች ተከራክረው፣ የኛ እንዲህ ነው ብለው ስለተስማሙ ይመስለኛል። ጨዋታ የአንድ ሰፈር የሚሆነው ሰፈሩ የራሱን ሕግ ሲያወጣለት ነው። ዳዊት አብርሃም የመሠረተው ቅኔ ጌምስ እ.ኤ.አ. በ2018 ከገበሬ የምታመልጠውን ዶሮ ይዞ «ኩኩሉ»ን ሲያወጣ፣ ቀጥሎም ገበጣን ወደ ስልክ ሲያመጣ ደስ ብሎኛል፤ የኛ ልጆች የራሳቸውን ቀለምና ድምፅ ስልክ ላይ ማየት ይገባቸዋል። ግን ስልክ ላይ ያለ ገበጣ ሕጉን አስቀድሞ ይዞ ነው የሚመጣው። «እኛ ሰፈር እንደዚህ ነው» የምትለው ሰው ከጎንህ ካልተቀመጠ ጨዋታው ጎደሎ ነው።

እንግዲህ የሚያሳስበኝን ልናገር። በየጊዜው ትምህርት ቤቶች አካባቢ ያሉ አዋኪ ንግድ ቤቶች ይታሸጋሉ። ሺሻ ቤት፣ ጫት ቤት፣ ቪዲዮ ቤትና ጌም ቤት በአንድ ዘመቻ ሲጠሩ ሰምቻለሁ። ወላጅ ለምን እንደሚፈራ ይገባኛል። ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ በትምህርት ሰዓት እዚያ መገኘት የለበትም፤ ይህን የሚፈቅድ ቤት ቢዘጋ አልከራከርም። ግን ጌም ቤቱ ሲታሸግ ልጁ ወደ ቤተ መጻሕፍት አይሄድም። ባለፉት ዓመታት በየመንደሩ የበዙት የስፖርት ውርርድ ቤቶችም ይጠብቁታል። እዚያ አግዳሚ የለም፤ ተራም የለም፤ የተሸነፈም አይነሳም፤ ይልቁንም የቀረውን ይዞ ይመለሳል። ለጨዋታው ሂሳብ መክፈልና በጨዋታው ላይ ገንዘብ ማስያዝ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ደንብ የሚያስከብር ሰው ሁለቱን አንድ ላይ ሲያሽግ ውርርዱን የሚከለክለውን ባለቤት ነው የሚቀጣው።

ሌላው ደግሞ ግንባታው ነው። መርካቶ ወደ ላይ እያደገች ነው፤ የቆርቆሮው ረድፍ እየፈረሰ ፎቅ ይተካዋል፤ መተካቱም ለነጋዴውም ለገዢውም የሚበጅ ብዙ ነገር አለው። በፎቁ ውስጥ የሚከፈተው የጨዋታ ቦታ ግን ብዙውን ጊዜ ለትንንሽ ልጆችና ለሚከፍል ቤተሰብ የታሰበ ነው፤ ጨርሰህ ስትወጣ የምትቀመጥበት የለም። ዕቃ አውራጁም ሊስትሮውም እዚያ አይገቡም። ከተማዋ የወጣቶች ስብዕና መገንቢያ ማዕከላት አሏት፤ ጆተኒና ፑል ያለባቸውም አሉ። የጌም ቤት ባለቤቶችን ጠርቶ፣ ማሽናቸውን ይዘው እንዲገቡ ቦታ ሰጥቶ፣ የሰባተኛና የጎጃም በረንዳ ልጆች እርስ በርስ የሚገጥሙበት ውድድር ማዘጋጀት ብዙ በጀት አይጠይቅም። የማን ቤት ሕግ ይሥራ የሚለውን ግን ባለሥልጣን አይወስንላቸው፤ ለልጆቹ ይተውላቸው። ወረዳውም የትኛው ቤት ውስጥ ገንዘብ እንደሚቆመር ማወቅ ከፈለገ ማሸጊያውን ከመለጠፉ በፊት እዚያ የተቀመጡትን ልጆች ይጠይቅ፤ ያውቁታል።