ስለ ጣና ታንኳ አያያዝና ስለ ደንገሉ አጠባበቅ

በጣና ዙሪያ የሚኖር ገበሬ እርሻው በየብስ ቢሆንም መንገዱ በውሃ ነው። የዘጌ ቡናና ጌሾ፣ የደሴቶቹ እህል፣ ከባሕሩ ዳርቻ የሚቈረጠው ማገዶ ወደ ገበያ ሲሄድ በሞተር ጀልባ ከሚጫነው ሌላ በደንገል ታንኳ የሚመጣው ጥቂት አይደለም። ስለዚህ ታንኳ እንደ ሞፈርና እንደ ቀንበር ከእርሻ መሣሪያ ጋራ መቈጠር ይገባው ነበር። ዳሩ ግን በየወረዳው የእርሻ ነገር ሲመከር ስለ ዘርና ስለ ከብት እንጂ ስለ ታንኳ የሚያነሣ ሹም እምብዛም አይገኝም። የሚነሣው ሰው በሰጠመ ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜም ቶሎ የሚሰማው አሳብ ታንኳ ይከልከል የሚል ነው።

ይህ አሳብ ከርኅራኄ የመጣ መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን መድኃኒቱ ከበሽታው ጋራ አይገጥምም። ሞተር መግዣና ነዳጅ መክፈያ የሌለው ሰው ታንኳው ቢከለከልበት በጨለማ ተደብቆ ይቀዝፋል እንጂ ገበያውን አይተውም። በጨለማ መቅዘፍ ደግሞ ከቀኑ የባሰ ነው።

ታንኳም በራሱ የሚናቅ ዕቃ አይደለም። ነቢዩ ኢሳይያስ በ18ኛው ምዕራፍ ከኢትዮጵያ ወንዞች ማዶ ስላለችው አገር ሲናገር የደንገልን መርከብ ያነሣል፤ ሕፃኑ ሙሴም በወንዝ ዳር የተቀመጠው በደንገል ሣጥን ነው። ከቅርቡ ዘመን ምስክር ለሚፈልግ ደግሞ የቶር ሄየርዳል ነገር አለ። ይህ የኖርዌይ ሰው በ1961 ዓ.ም. ከጣና በተቈረጠ ደንገል ራ የምትባል መርከብ በግብፅ አገር አሠርቶ፣ ሸራ ሰቅሎ፣ ከሞሮኮ ወደብ ከሳፊ ወደ ምዕራብ ውቅያኖሱን ሊሻገር ወጣ። ሠሪዎቿ ከቻድ ባሕር የመጡ ሰዎች ነበሩ። ደንገል ከሁለት ሳምንት በላይ በውሃ ላይ አይቈይም የሚሉ ዐዋቂዎች ሳሉ መርከቢቱ ሁለት ወር ያህል በውቅያኖስ ላይ ሄደች። ባርቤዶስ ደሴት ሳትደርስ የተተወችውም ደንገሉ ስለ ደከመ ብቻ አይደለም፤ የአንድ ገመድ ጉድለት አለባት። በጥንታዊው የግብፅ ሥዕል ላይ ወደ ላይ የተጠማዘዘውን የኋላዋን ጫፍ ከወለሉ ጋራ ወጥሮ የሚይዝ ገመድ ይታያል። ሠሪዎቹ ጫፉ በራሱ ጸንቶ ስለ ቆመ ገመዱ ትርፍ መስሏቸው ተዉት፤ ለካ ገመዱ የኋላውን ወለል ወደ ላይ ስቦ የሚይዝ ኖሯል። ኋላዋ እያዘቀጠ ሄዶ ሞገድ ወጣበት። በሚቀጥለው ዓመት በ1962 ዓ.ም. የቲቲካካ ባሕር ሰዎች ከኢትዮጵያ ደንገል የሠሯት ሁለተኛዪቱ ራ ግን በ57 ቀን ተሻግራ ባርቤዶስ ገባች። ደንገሉ ያው ደንገል ነው፤ ልዩነቱ የአሠራሩና የአስተሳሰሩ ነው።

የጣና ታንኳ የሚሄደው በሸራ ሳይሆን በቀርከሃ መቅዘፊያ ነው፤ የጥበቃው ሥርዐት ግን ከዚያች መርከብ አይለይም። የደንገል ዘንግ ቆዳው ጠንካራ ነው፤ ውስጡ ነጭና ለስላሳ ሆኖ አየር የሞላበት ነው። ውሃው ይልቁንም የሚገባው በተቈረጠው ጫፍና ቆዳው በተቀጠቀጠበት ቦታ ነው። ስለዚህ የበሰለው ዘንግ ተመርጦ መቈረጥ፣ በፀሐይ መድረቅ፣ ከዚያም በኋላ መታሰር አለበት፤ እርጥቡን የሚያስር ሰው ገና ከጅምሩ ውሃ የጠጣ ታንኳ ይሠራል። ገመዱም ደንገሉ ሲደርቅ ስለሚላላ ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት በእጅ እየተዳሰሰ መጥበቅ ይገባዋል። ታንኳውን በድንጋይ ላይ መጎተት ቆዳውን ይቀጠቅጣልና ተሸክሞ ማውጣት ይሻላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ማድረቁ ነው። ታንኳን የሚገድለው ሞገድ ሳይሆን ሌሊቱን ሁሉ በውሃ ላይ ታስሮ ማደሩ ነው። ትጉህ ባለታንኳ ከገበያ እንደ ተመለሰ አውጥቶ ከዛፍ ላይ አስደግፎ ያቆመዋል፤ ውሃው ወደ ታች ይወርዳል፤ ፀሐይና ነፋስ የቀረውን ያደርቁታል። ሁለት ታንኳ ያለው ደግሞ አንዱ ሲሠራ ሌላውን ያሳርፋል። እንዲህም ተደርጎ ታንኳ ዕድሜው አጭር ነውና መሻሩ የሚታወቅበት ምልክት ያስፈልጋል። ታንኳ እንደ እንጨት ጀልባ በድንገት አይሰበርም፤ ቀስ እያለ ይከብዳል፤ አደጋውም ይኸው ዝምታው ነው። ባለቤቱ አንድ ገበያ ብቻ ልጨምርበት ሲል በመጀመሪያው ሳምንት የተሸከመውን ጭነት በመጨረሻው ሳምንት ይጭንበታል። አዲስ ሳለ ሁለት ሰው ያነሣው የነበረ ታንኳ ፀሐይ ላይ ከዋለ በኋላ አራት ሰው የሚጠይቅ ከሆነ ሰውና እህል ሊጫንበት አይገባም። ይህን መለኪያ ለማወቅ መጽሐፍ ማንበብ አያሻም፤ የቀበሌ ሹም በገበያ ቀን ከወደቡ ቆሞ ሊያየው ይችላል።

ስለ ጉዞውም ጥቂት መናገር ይበቃል፤ ቀዛፊዎቹ ከማንም ይልቅ ያውቁታልና። ባሕሩ በጥዋት ጸጥ ይላል፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሣበታል። ጎሕ ሲቀድ የወጣ ሰው ነፋሱ ሳይነሣ ይደርሳል። ጭነቱ ዝቅ ብሎ ከመካከል መሆን አለበት፤ ከጭነቱ በላይ ሰው ማስቀመጥ ነውር ነው። ሞገድ ሲመጣ ጎኑን ሳይሆን አፍንጫውን ማዞር፣ ቢረዝምም ዳር ዳሩን መሄድ፣ ወንዝ በሚገባበትና በሚወጣበት ስፍራም ለጉማሬ መንገድ መልቀቅ ነው። ነገር ግን የገበያው ሰዓት ከቀትር እንዲጀምር ያዘዘ ሹም ይህን ሁሉ ዕውቀት ከንቱ ያደርገዋል። ሻጩ በጥዋት ቢመጣ ገዢ አያገኝም፤ ሲመሽም በነፋስ ይመለሳል። ስለ መስጠም የሚቈጣ ሹም አስቀድሞ የገበያውን ሰዓት ይመርምር።

ወደ ዋናው ነገር ስንመጣ፣ ደንገል ከሌለ ታንኳ የለም። ባሕሩ በበጋ ሲጎድል የሚገለጠውን ባሕር ሸሽ መሬት ገበሬው ያርሰዋል፤ ይህ ልማድ የቆየ ነው፤ መሬትም ለጠበበው ሰው በክፉ አይታይም። ክፋቱ ማረሻው ከባሕር ሸሹ አልፎ ደንገሉን በእሳት እያነደደ ሥሩን ሲነቅል ነው። ከዓባይ መውጫ ላይ የጨረጨራ ግድብ በ1988 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ የባሕሩ ከፍታ በሰው እጅም የሚወሰን ሆነ። በ1995 ዓ.ም. ሰኔ ወር ውሃው እጅግ ጎድሎ መርከቦች ለአራት ወር ያህል መሄድ አቁመው ነበር፤ ብዙ ደንገልም ያን ጊዜ ጠፋ፤ በተገለጠው መሬት ላይ እርሻ ገባ። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ እምቦጭ በባሕሩ ላይ ታየ፤ በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ታንኳ የሚያርፍበትን ስፍራ ዘጋ።

በዚህ ሁሉ ከማንም በላይ የተጎዱት ታንኳ ሠሪዎቹ ነገደ ወይጦ ናቸው። ለብዙ ዘመን ሰው በንቀት ሲያያቸው ኖረዋል፤ የሚያርሱት መሬት የላቸውም ወይም እጅግ ጥቂት ነው፤ ርስታቸው ደንገሉ ነበር። ባለማረሻው ሲከስስ የሚሰማው ሹም ሞልቷል፤ ደንገል የተነደደበት ሰው ግን የሚያሳየው የይዞታ ወረቀት ስለሌለው ክሱ ከደጅ ይመለሳል። ይህ ፍርድ ሊባል አይችልም። የጣና ዙሪያ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ተመዝግቧል፤ መዝገቡ ብቻውን ግን ደንገል አያበቅልም።

የሚያስፈልገው ሥራ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ደንገል በአግባቡ ቢቈረጥ ከሥሩ እንደገና የሚያቈጠቁጥ ተክል ነው፤ እንደ ሣር አጨዳ በተራ በተራ ስፍራ እየተከፈለ፣ የበሰለው ብቻ እየተቈረጠ፣ እሳት እየተከለከለ ሊጠበቅ ይችላል። የመቍረጡ መብት በወረዳው ጽሕፈት ቤት በስም ተመዝግቦ ለሠሪዎቹ ቢሰጥ ከዘበኛ ይልቅ እነርሱ ራሳቸው ይጠብቁታል። አንዳንድ ባለይዞታ ደንገሉ የወፍና የጉማሬ መደበቂያ ሆኖ እህሌን አስበላብኝ ይላል፤ እውነት አለው፤ ነገር ግን ያው ደንገል ከዳገት በጎርፍ የሚመጣውን አፈር አግዶ የሚያስቀር፣ ዓሣም የሚራባበት መሆኑን አብሮ ሊያስበው ይገባል።

ውሃው መጎደል ሲጀምር የባሕር ሸሹ ሽምብራና ጓያ ከመዘራቱ አስቀድሞ የየወረዳው ሹማምንት ከገበሬዎቹም ከታንኳ ሠሪዎቹም ሽማግሌዎች መርጠው፣ በባሕሩ ዳር እየሄዱ፣ ማረሻው የሚቆምበትንና ደንገሉ የሚጀምርበትን ወሰን በችካል ቢያስለዩ መልካም ነው። ችካሉ የሚተከለው ሁለቱም ወገን ባሉበት ይሁን፤ ቃለ ጉባኤውም በዚያው ቀን ይጻፍ።