የአንድ ቤት ሁለት መልስ

«ኑሮ እንዴት ነው?» ተብለው ሲጠየቁ ባልና ሚስት አንድ መልስ የሚሰጡ ይመስለናል። ሆኖም በአንድ ጎጆ ውስጥ ሁለት ኑሮ ሊኖር ይችላል። ባል ብዙውን ጊዜ ኑሮውን የሚመዝነው ደመወዙ ቤት በመድረሱ ሲሆን፣ ሚስት የምትመዝነው በጤፍ ዋጋ፣ በቦኖ ወረፋና በልጅ ትኩሳት ነው። እንጀራው ሲያንስ የራሷን ድርሻ አስቀድማ የምትቀንሰውም እርሷ ናት።

በአዲስ አበባና በጎተንበርግ ዩኒቨርሲቲዎች ትብብር በተሰበሰበ መረጃ፣ የአገራችንን ከተሜ ቤተሰቦች ኑሮ ከ1994 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. የተከታተለ ጥናት ቁም ነገር ያስተምረናል። በፍጆታ ሲለካ ድህነቱ ቢቀንስም፣ ራሱን ድኃ ብሎ የሚቆጥረው ቤተሰብ ብዛት እምብዛም አልተለወጠም። ከውጭ አገር የሚላክ ገንዘብ ፍጆታን ቢጨምርም የድህነትን ስሜት አላቃለለም፤ ሥራ ማግኘት ግን አቃልሏል። እንዲህ ባለው ጥናት ስለ ቤቱ የሚመልሰው አብዛኛውን ጊዜ የቤተሰቡ ኃላፊ በመሆኑ፣ የባለትዳሯ መልስ ከአባወራው መልስ ሥር ተሸፍኖ ይቀራል።

ስለዚህ በግዳጅ ላይ ያለህ ወንድማችን፣ ስትደውል «ገንዘቡ ደረሰ ወይ?» በማለት ብቻ አታብቃ፤ «አንቺስ እንዴት ሰነበትሽ?» በል። በጉሊትም ሆነ በስፌት የራሷን ገቢ እንድታገኝ አበርታት። አንቺም እኅታችን፣ እርሱ እንዳይጨነቅ ብለሽ ችግሩን «ሆድ ይፍጀው» አትበዪ። ቤቱን ሁለታችሁ እንደምታቆሙት፣ ጭንቀቱንም ሁለታችሁ እወቁት።