ሦስተኛው ቦታ በሰዓት አይሰጥ

ታምራት ቶላ ፓሪስ ላይ የማራቶን ወርቅ ያመጣው ከተመረጡት ሦስት ሰዎች አንዱ ሆኖ አይደለም። ተጠባባቂ ነበር። ቡድኑ ሲሳይ ለማ፣ ደሬሳ ገለታና ቀነኒሳ በቀለ ነበሩ። ሲሳይ ጉዳት ደረሰበትና ታምራት በእሱ ቦታ ገባ። 2:06:26 ሮጦ ኬንያዊው ሳሙኤል ዋንጂሩ ቤጂንግ ላይ በ2008 ያስመዘገበውን የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰበረ። ገዛኸኝ አበራ በ2000 ሲድኒ ላይ ካሸነፈ ወዲህ በወንዶች ማራቶን ወርቅ አይተን አናውቅም ነበር። ደሬሳ 5ኛ ወጣ፤ ቀነኒሳ 39ኛ።

የሲሳይ እግር ደህና ቢሆን ኖሮ የኦሊምፒክ ሻምፒዮናችን ውድድሩን እንደኔና እንዳንተ በቴሌቪዥን ያይ ነበር።

(ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው። በእኛ ከጻፍኩ ነሐሴ 2016 ፓሪስ የሆነውና እነሱ 2016 ሪዮ የሚሉት ይምታታብናል።)

ወርቁ ሲመጣ ጥያቄው ተቀበረ። ጭፈራው አለቀ፣ ሽልማቱ ተሰጠ፣ ፎቶው ተነሳ፤ «ለመሆኑ ይህ ሰው ለምን አራተኛ ተደረገ?» ብሎ የጠየቀ ግን ብዙ አላየሁም። ብንሸነፍ ኖሮ እስካሁን እንጨቃጨቅ ነበር። እኔ መጨቃጨቅ የምፈልገው ስላሸነፍን ነው፤ በዕድል የተገኘ ነገር በሚቀጥለው ጊዜ አይገኝምና።

መራጮቹን በሌብነት አልከስም። ወረቀቱን ብቻ ካየን ስሌታቸው ቀላል ነው። ሲሳይ በዲሴምበር 2023 ቫሌንሲያ ላይ 2:01:48 ሮጧል፤ በኤፕሪል 2024 ደግሞ ቦስተንን አሸንፏል። ደሬሳ ሴቪያ ላይ 2:03:27። ቀነኒሳ በ41 ዓመቱ ለንደን ላይ 2:04:15 ሮጦ ሁለተኛ ወጣ። ታምራት ያንኑ የለንደን ውድድር አቋርጦ ወጣ። ታዲያ በወረቀት ማን ይቀራል? ታምራት ነዋ!

ችግሩ ፓሪስ በወረቀት አይሮጥም። መስመሩ ከ2022 ጀምሮ ይፋ ነበር፤ ከከተማው ማዘጋጃ ቤት ተነስቶ ቬርሳይ ደርሶ የሚመለስ፣ ጠቅላላ ሽቅቡ 436 ሜትር የሆነ፣ ቁልቁለቱ ጭን የሚፈታ መንገድ ነው። ፊት ፊት እየሮጠ ፍጥነት የሚጠብቅ አሯሯጭም በኦሊምፒክ የለም። እንዲህ ያለውን ሥራ ከአራቱ ማን ሠርቶ ያውቃል ቢባል፣ ታምራት ከፓሪስ 9 ወር በፊት ኒውዮርክን፣ ያን ድልድይና ዳገት የበዛበትን አሯሯጭ የለሽ ውድድር፣ 2:04:58 ሮጦ የቦታውን ክብረ ወሰን ሰብሯል። በ2022 ኦሪገን ላይም የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ሲሳይ ቦስተንን ስላሸነፈ እሱም ለዳገት እንግዳ አይደለም። ታምራትን ግን አንድ የተቋረጠ ለንደን አራተኛ አደረገው።

እዚህ ላይ ቀነኒሳን እየነካሁ የሚመስላችሁ አላችሁ። በዚህ አገር ቀነኒሳን ነክቶ በሰላም ማደር እንደማይቻል አውቃለሁ፤ አልነካሁትምም። እንዲያውም በዚህ አመራረጥ ቀድሞ የተቃጠለው እሱ ነው። በ2016 ለንደን ላይ 3ኛ ወጥቶ ከሪዮ ቡድን ሲቀር በአደባባይ ተቃውሟል። ያኔ የሄዱት ለሚ ብርሃኑ፣ ተስፋዬ አበራና ፈይሳ ሌሊሳ ናቸው። ለሚና ተስፋዬ በዚያ ዓመት ዱባይ ላይ ሁለቱም ከ2:05 በታች ገብተው ነበር። ፈይሳ ቶኪዮን ያሸነፈው በ2:06:56 ነው፤ ከሦስቱ ዘገምተኛው ሰዓት የእሱ ነበር። ሪዮ ላይ ምን ሆነ? ተስፋዬ አቋረጠ፣ ለሚ 13ኛ ወጣ፣ ፈይሳ ብር ይዞ ገባ። (እጁን አጣምሮ በገባበት ምስል ምክንያት ሌላው ነገር ሁሉ ተረሳ፤ እሱ የራሱ ትልቅ ታሪክ ነው።) ቀነኒሳ በወሩ በርሊን ላይ 2:03:03 ሲሮጥ «አያችሁ!» የተባለውን ግን አልቀበለውም። በርሊን ሜዳ ነው፤ ለሪዮ ምስክር አይሆንም። የምወደው ሯጭ ሲሆን መለኪያዬን መቀየር አልችልም።

ዶሃን ደግሞ አስታውሱ፣ 2019። የሴቶቹ ማራቶን በእኩለ ሌሊት ተጀምሮ እንኳ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ነበር። 68 ሴቶች ተነስተው የጨረሱት 40 ናቸው፤ የእኛ ሦስቱም አቋረጡ። ሦስቱም ፈጣን ሰዓት ያላቸው ነበሩ። በዚያው ከተማ በወንዶቹ ሌሊሳ ዴሲሳ ወርቅ፣ ሞስነት ገረመው ብር ወሰዱ። ሌሊሳ ማነው? ቦስተንን ሁለት ጊዜ፣ ኒውዮርክን አንድ ጊዜ ያሸነፈ ሰው ነው። አሁንም ዳገትና አሯሯጭ የሌለበት ውድድር!

«እሺ፣ ሰዓቱ ካልሆነ ማጣሪያ ይደረግ» ስንል የሚመጣው መልስ የታወቀ ነው፤ «በ2021 አይተነዋል»። እውነት ነው፣ አይተነዋል። ለቶኪዮው ኦሊምፒክ ሰበታ ላይ በሜይ 1 የ35 ኪሎ ሜትር ማጣሪያ ተደረገ። ቀነኒሳ አልሮጥም አለ። ሹራ ቂጣታ፣ ሌሊሳ ዴሲሳና ሲሳይ ለማ አለፉ። በኦገስት ሦስቱም ሳፖሮ ላይ አቋረጡ። አንድም ወንድ አልጨረሰልንም። ከዚያ ወዲህ ማጣሪያ የሚለው ቃል በተነሳ ቁጥር ሰበታ እንደ ማስፈራሪያ ይጠቀሳል።

ነገር ግን ሰበታ ላይ የተፈተነው ምን ነበር? ከባህር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ የሆነ፣ አየሩ ቀዝቃዛና ቀላል የሆነ ቦታ። ሳፖሮ ከባህር ብዙም ከፍ አትልም፤ በዚያን ዕለትም ሙቀቱና ወበቁ አንድ ላይ ነበር። አዘጋጆቹ ማራቶኑን ከቶኪዮ ወደ ሳፖሮ ያዛወሩት ራሱ በሙቀት ስጋት ነው። ማለትም የፈተናው ጥያቄ ከሁለት ዓመት ገደማ በፊት ወጥቶ ነበር፤ እኛ ሒሳብ ለሚፈተን ተማሪ የታሪክ ሞዴል ሰጠነው፣ ሲወድቅ ደግሞ «ሞዴል ፈተና አይጠቅምም» አልን። ሌሊሳ ዶሃ ላይ ያን ሙቀት ችሎ ሳፖሮ ላይ አለመጨረሱን አልደብቅም። የትኛውም ዘዴ ወርቅ አይሸጥም። ለየትኛው መንገድ እንደምንመርጥ ሳንጠይቅ መምረጥ ግን ዘዴም አይባል።

መቱ ቁጭ ብዬ ይህን ሁሉ የምለው ለምንድን ነው? አንደኛና ሁለተኛው ቦታ እኛን አይመለከቱም። ሁልጊዜም ስማቸው ክርክር የማያስነሳ ሁለት ሰዎች ይኖራሉ፤ በሰዓታቸው ይግቡ። ሦስተኛው ቦታ ግን የሌላው ሰው በር ነው። ፈጣን የማራቶን ሰዓት እዚህ አገር አይገኝም። ቫሌንሲያ፣ ዱባይ ወይም በርሊን ነው የሚገኘው፤ ለዚያ ማናጀር ያስፈልጋል፣ ቪዛ ያስፈልጋል፣ ከፊት የሚጎትት አሯሯጭና ሜዳ መንገድ ያስፈልጋል። ከሁሩሙ ወይም ከአልጌ የተነሳ ልጅ ያን ሰዓት ከየት ያመጣል? በቆጂና አካባቢው የተወለደ እንኳ አሠልጣኝና ታላቅ ወንድም የሆነ ሯጭ አያጣም። እዚህ ኢሉባቦር ቡናና ማር እንጂ ማናጀር አናፈራም። ምርጫው በሰዓት ዝርዝር ብቻ ከሆነ ልጁ የሚወዳደረው ከሯጮች ጋር ሳይሆን ከኤምባሲ ሰልፍ ጋር ነው።

በሽታው ከላይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከወረዳና ከዞን ቡድን ሲላክም የመጨረሻው ስም እንዴት እንደሚጻፍ ያየን እናውቃለን። አንድ ጊዜ፣ የትኛው መሥሪያ ቤት እንደነበር አልናገርም፣ መኪናው ሊነሳ ሲል ዝርዝሩ ተቀይሮ አንዲት ልጅ ቦርሳዋን ተሸክማ ወደ ቤቷ ስትመለስ አይቻለሁ። ምክንያቱን የነገራት አልነበረም። የሚነገራትም የተጻፈ ነገር አልነበረም። ከዚያ በኋላ ስትሮጥ አላየኋትም።

ስለዚህ ሐሳቤ ይኸው። ሁለቱ በሰዓትና በውጤት ይመረጡ። ሦስተኛውና ተጠባባቂው ዋናውን ውድድር በሚመስል መንገድ ላይ፣ ለሁሉም ክፍት በሆነ ማጣሪያ ይለዩ። ዳገት ካስፈለገ ከመቱ ጎሬ ያለው መንገድ አለ፤ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መቱ 1,600 ሜትር አካባቢ፣ ጎሬ ከ2,000 በላይ ናት። ፓሪስ ሯጮቹን በ42 ኪሎ ሜትር ያሸከመችውን ሽቅብ የሚያህል በ25ቱ ታገኙታላችሁ። እርጥበቱን አትጠይቁኝ፤ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ዝናብ የማያጣው አገር ነው። ከሰበታ ዝቅ ያለ፣ ከሰበታ የሚሞቅ። ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘበት በ1936 ጎሬ የጊዜያዊ መንግሥት መቀመጫ ነበረች፤ ዛሬ አንድ የሩጫ ማጣሪያ ማስተናገድ አያቅታትም። በሬዲዮና በቴሌቪዥን ስማችን የሚነሳው በሶር ፏፏቴና በያዮ ደን ብቻ ነው፤ አንድ ቀን በላብ ቢነሳ ምን አለበት? መንገዱ የግድ የእኛ ይሁን አልልም። ዋናው ውድድር ሜዳና ሞቃት ከሆነ ሌላ ቦታ ይፈለግ።

«ሯጩ የፀደይ ውድድሩን ሊተው ነው፤ ገንዘቡን ማን ይከፍለዋል?» ትሉኛላችሁ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ማጣሪያው ታኅሣሥ ወይም ጥር ላይ ይሁን፤ ርቀቱ ሙሉ ማራቶን አይሁን። ሁለቱ የተረጋገጡት አይሮጡም፤ ሌላው የሚሮጠው ፈልጎ ነው፤ ላለፉት ፌዴሬሽኑ ካሳ ይክፈል። አሜሪካኖች ለፓሪስ በፌብሩዋሪ 2024 ኦርላንዶ ላይ በአደባባይ ሮጠው ነው የተለዩት። ቀድመው የገቡት ኮነር ማንትዝና ክሌይተን ያንግ ፓሪስ ላይ 8ኛና 9ኛ ወጡ። ከእኛ ሯጮች የሚበልጡ ሆነው አይደለም፤ ሕጉን ቀድመው ስለሚያውቁ ዓመታቸውን በዚያ አስልተው ነው።

«ለዳገት የሚመች፣ ለሙቀት የሚመች እየተባለ ዘመድ ይገባል፤ ሰዓት ቢያንስ አይዋሽም» የሚለው ክርክር ከሁሉም ይከብደኛል። እኔም የምፈራው እሱን ነው። ለዚህ ነው መንገዱ፣ ቀኑና መስፈርቱ ከውድድሩ አንድ ዓመት በፊት በጽሑፍ ይውጣ የምለው። የመራጮቹ ቃለ ጉባኤም፣ ማን ለማን ድምፅ እንደሰጠ ጭምር፣ ለሕዝብ ይለጠፍ። ይህ ከሌለበት ማጣሪያውም ይቅር፤ በሰዓቱ እንቀጥል።

ሎስ አንጀለስ በጁላይ 2028 ነው። ብዙ ጊዜ ያለ ይመስላል፤ ለማራቶን ሯጭ ግን ሦስት አራት ውድድር ማለት ነው። ይህን ቻናል የምትከታተሉ የፌዴሬሽን ሰዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሌላውን ሁሉ ተዉትና ለዚህች ብቻ መልሱልኝ፤ የፓሪስ ዳገት በ2022 ከታወቀ፣ ኒውዮርክ ላይ ዳገት በክብረ ወሰን ያሸነፈው ሰው በ2024 ተጠባባቂ ሲደረግ፣ በስብሰባው ላይ «መንገዱ ግን ምን ይመስላል?» ብሎ የጠየቀ ነበር?