የማኅበሩ ወፍጮ መተኪያውን ራሱ ያፍራ

አንድ የገበሬ ማኅበር ወይም የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበር ወፍጮ ሲተክል፣ የውኃ መሳቢያ ሞተር ሲገዛ ወይም ለትራክተር መግዣ ብድር ሲያገኝ አባላቱ በአንድነት ይደሰታሉ። ደስታቸውም ተገቢ ነው። እህል በጀርባዋ ተሸክማ የግማሽ ቀን መንገድ ትጓዝ የነበረች እናት በቀበሌዋ ታስፈጫለች፤ ዝናብ ሲዘገይ ቡቃያው ይደርቅበት የነበረ ገበሬ ከወንዙ ውኃ ስቦ ያጠጣል። ይሁን እንጂ ይኸው መሣሪያ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቺንጋው ተበጥሶ፣ ቤቱ ተቆልፎ፣ አቧራ ለብሶ የሚታይበት ቦታ ጥቂት አይደለም።

ሞተሩ ለምን ቆመ ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ «መለዋወጫ ጠፋ» የሚል ነው። መለዋወጫ ማጣት እውነተኛ ችግር መሆኑ አያጠያይቅም። ነገሩ ጠለቅ ተብሎ ሲመረመር ግን፣ መለዋወጫው ከመጥፋቱ በፊት የመግዣው ገንዘብ ጠፍቷል። ገንዘቡ ከመጥፋቱም በፊት ሞተሩ ስንት ሰዓት እንደሠራና ስንት ኩንታል እንደፈጨ የሚናገር መዝገብ አልነበረም። ስለዚህ የመሣሪያ አያያዝ ጉዳይ የመካኒክ ሥራ ብቻ ሳይሆን፣ በመጀመሪያ ደረጃ የማኅበር መሪዎች ሥራ ነው።

ከትናንት የተወረሰ ችግር

በ1968 ዓ.ም. የወጣው የገበሬ ማኅበራት ማደራጃና ማጠናከሪያ አዋጅ ቁጥር 71፣ ቀጥሎም በ1970 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 138 ገበሬው በጋራ ንብረት እንዲያፈራ በር ከፍተው ነበር። በእነዚያ ዓመታት ብዙ የአገልግሎት ማኅበራት ሱቅና ወፍጮ ቤት አቋቁመዋል። ነገር ግን በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በተደረገበት ወቅት የብዙዎቹ ንብረት ተዘርፏል፤ የቀረውም ባለቤት አጥቶ ፈራርሷል። ከዚያ በኋላ በ1991 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 147፣ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 985 ማኅበራቱ በአዲስ መልክ ተደራጅተው ዩኒየኖችን እስከ ማቋቋም ደርሰዋል።

ከዚያ ዘመን የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የሁሉም ነው የተባለ ንብረት፣ ጠባቂው በስም ካልታወቀ የማንም አይሆንም። ገበሬው በሬው ሲያነክስ ማንም ሳይነግረው ያውቃል፤ ጠምዶ ውሎ ማታ ያበላል፣ ያጠጣል፣ ቀንበሩ የላጠውን ትከሻ ያያል። የማኅበሩ ሞተር ግን ሲያነክስ የሚሰማለት ሰው አስቀድሞ ካልተመደበ እስኪወድቅ ድረስ ይጠመዳል።

ጉዳዩ ዛሬ ይበልጥ አሳሳቢ የሆነበት ምክንያትም አለ። በ2011 ዓ.ም. መንግሥት የእርሻ መሣሪያዎች ከቀረጥና ከታክስ ነጻ እንዲገቡ በመፍቀዱ የግዢው በር ሰፍቷል። በሌላ በኩል በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ በብር ሲታሰብ ዋጋው ንሯል። ይህም ማለት ትናንት የተገዛውን ሞተር ነገ በዚያው ገንዘብ መተካት አይቻልም ማለት ነው። በእጅ ያለውን መሣሪያ ዕድሜ ማራዘም የማኅበሩን ሀብት እንደ ማሳደግ ይቆጠራል።

እርጅና ወጪ ነው

በብዙ ማኅበራት የዓመቱ ሒሳብ ሲዘጋ ከወፍጮው ገቢ ላይ ናፍታ፣ ዘይትና የፈጪው ደመወዝ ተቀንሶ የቀረው ሁሉ ትርፍ ይባላል። ስሕተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሞተሩ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት እያለቀ ነው፤ ያለቀው ዋጋ ካልተቀነሰ አባላቱ የተካፈሉት ትርፍ ሳይሆን የሞተሩን አካል ነው።

ነገሩን በቀላል ምሳሌ እንመልከተው። አንድ ወፍጮ ከነሞተሩና ከነተከላው 400 ሺህ ብር ወጥቶበት 10 ዓመት ያገለግላል እንበል። በዓመት 40 ሺህ ብር ያረጃል ማለት ነው። በቀን 20 ኩንታል እየፈጨ በዓመት 250 ቀን ቢሠራ 5 ሺህ ኩንታል ይሆናል። 40 ሺህ ብር ለ5 ሺህ ኩንታል ሲካፈል በኩንታል 8 ብር ይመጣል። ወፍጮው ሲያረጅ የአዲሱ ዋጋ እጥፍ ይሆናል ተብሎ ቢገመት ደግሞ በኩንታል መቀመጥ ያለበት 16 ብር ነው። ይህ ገንዘብ ከማስፈጫው ክፍያ ውስጥ ገና ከመነሻው ተለይቶ፣ በተለየ የባንክ ሒሳብ መቀመጥ ይገባዋል።

ሕጉ ከተጣራ ትርፍ ላይ መጠባበቂያ እንዲቀነስ ስለሚያዝ ይህ በቂ ነው የሚሉ መሪዎች አይጠፉም። ሁለቱ ግን የተለያዩ ናቸው። መጠባበቂያ የሚቀነሰው ከትርፍ ነው፤ የእርጅና ተቀናሽ ግን ትርፉ ከመታወቁ በፊት እንደ ናፍታው ሁሉ የሚወጣ ወጪ ነው። የእርጅና ተቀናሹ ያልተያዘበት ሒሳብ በወረቀት ላይ አትራፊ፣ በተግባር ግን ከሳሪ ነው።

መሪዎች ከአባላት ጋር የሚጋጩትም በዚህ ነጥብ ላይ ነው። በጠቅላላ ጉባኤው ላይ «ገንዘቡ ይከፈለን» የሚል ድምፅ ይበረታል፤ የሚጠይቁትም በእውነት የተቸገሩ ሰዎች ናቸው። ለምርጫ የሚያስብ መሪ ገንዘቡን አከፋፍሎ ይመሰገናል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሞተሩ ሲቆም ግን በመጀመሪያ የምትጎዳው ያችው እህል ተሸካሚ እናት ናት። ስለዚህ መሪው ስሌቱን በጉባኤ ፊት በኩንታልና በብር ዘርዝሮ ማስረዳት አለበት። ገበሬው ዘሩን ከምግቡ ለይቶ ጎተራ የሚያስቀምጥ ሰው ነውና ነገሩ በትክክል ከተነገረው ለመረዳት አይቸገርም።

የቆመ ሞተር ስንት ይበላል?

በዚያው ምሳሌ እንቀጥል። ማስፈጫው በኩንታል 200 ብር ቢሆንና ለናፍታና ለዘይት 80 ብር ቢወጣ 120 ብር ይቀራል። በቀን 20 ኩንታል ሲሆን 2 ሺህ 400 ብር ነው። ወፍጮው በአንድ ኩሽኔታ ምክንያት 20 ቀን ቢቆም ማኅበሩ 48 ሺህ ብር ያጣል። ይህም በመጀመሪያው ስሌት ለአንድ ዓመት እርጅና ከሚያዘው 40 ሺህ ብር ይበልጣል። የፈጪው ደመወዝ ግን አይቆምም።

የውኃ መሳቢያ ሞተር ጉዳት ከዚህም የከፋ ነው። የበጋ መስኖ ስንዴ በሚያብብበትና ፍሬ በሚይዝበት ጊዜ ውኃ ካጣ፣ ሞተሩ ከሳምንታት በኋላ ቢጠገን እንኳ የጠፋው ምርት አይመለስም። ስለዚህ ቶሎ የሚያልቁ ዕቃዎች፣ ማለትም የዘይትና የናፍታ ፊልትሮ፣ ቺንጋ፣ ኩሽኔታና የውኃ መሳቢያው ማሸጊያ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ተገዝተው በማኅበሩ ዕቃ ቤት መገኘት አለባቸው። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ሰዓት ቆጣሪውና መዝገቡ

ሞተር የሚያረጀው በሠራበት ሰዓት እንጂ በወር አይደለም። አዲስ ሞተር ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ 50 ሰዓታት በኋላ ዘይቱ መቀየር ይኖርበታል። ከዚያ በኋላ የፋብሪካው መመሪያ በሚያዘው ሰዓት ይቀየራል፤ ይህም ለብዙ ትራክተሮች በየ250 ሰዓቱ ነው። በወቂያና በአጨዳ ወራት አቧራ ስለሚበዛ የአየር ማጣሪያው በየቀኑ መታየት አለበት። በማጣሪያው ያለፈ አቧራ ፒስተኑንና ሲሊንደሩን እንደ ሞረድ ይፈገፍጋቸዋል።

ናፍታም ጥንቃቄ ይሻል። በበርሜል የመጣ ናፍታ ቢያንስ አንድ ቀን ሳይነቃነቅ ቢያድር ውኃውና ቆሻሻው ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ሲቀዳም ከታች ያለው መተው አለበት። የሞተሩን የናፍታ ጋን ማታ ሥራ ሲያበቃ ሞልቶ ማሳደር ጠቃሚ ነው። ጎደሎ ጋን በሌሊቱ ብርድ ውስጡ ጤዛ ይይዛል፤ ያ ውኃ ናፍታ ከሚረጨው ፖምፓ ሲደርስ ጥገናው ውድ ነው።

መዝገቡ ረጅም መሆን የለበትም። ቀን፣ የሰዓት ቆጣሪው ንባብ ጧትና ማታ፣ የተሞላው ናፍታ፣ የተፈጨው ኩንታል፣ የተሰበሰበው ገንዘብና የታየው ብልሽት በአንድ መስመር ሊሰፍሩ ይችላሉ። ይህ መስመር ሁለት ጥቅም አለው። በመጀመሪያ፣ ዘይት የሚቀየርበትን ሰዓት ያሳውቃል። በሁለተኛ ደረጃ፣ ገንዘብን ይጠብቃል። ወፍጮው በሰዓት 3 ኩንታል የሚፈጭ ከሆነና ቆጣሪው 100 ሰዓት ካሳየ፣ በደረሰኝ ላይ ወደ 300 ኩንታል የሚጠጋ መገኘት አለበት። 220 ብቻ ከተገኘ ወይ ሞተሩ ደክሟል ወይ ደረሰኝ ሳይቆረጥ የተፈጨ እህል አለ። ሁለቱም የቁጥጥር ኮሚቴው ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች ናቸው። የሰዓት ቆጣሪው ሰውን ያለ ማስረጃ ከመጠርጠርም፣ ያለ ምርመራ ከማመንም ያድናል።

መርጫና ኮምባይነርም ይታጠቡ

አነስተኛ መሣሪያም ችላ ሲባል ትልቅ ጥፋት ያደርሳል። በስንዴ ወይም በጤፍ ላይ ቱ ፎር ዲ የተረጨበት መርጫ ተደጋግሞ ሳይታጠብ ባቄላ ወይም ቲማቲም ላይ ቢውል የቀረው መድኃኒት ሰብሉን ይጎዳል። የሚበጀው ለአረም መድኃኒት የሚያገለግለውን መርጫ ቀለም ቀብቶ መለየት ነው። እጣቢውም ከወንዝና ከምንጭ ርቆ መደፋት አለበት። በተመሳሳይ መንገድ፣ ከማሳ ወደ ማሳ የሚዘዋወር ኮምባይነር ካልተጠረገ የሙጃን ዘር ይዞ ይሄዳል። ኮምባይነር የሚከራይ ማኅበር መኪናው ማሳው ላይ ከመግባቱ በፊት እንዲጠረግ በውሉ ላይ ማስፈር ይገባዋል።

ከመግዛት በፊት

ጥሩ አያያዝ የሚጀምረው ከግዢው ነው። የውኃ መሳቢያ ውኃን ከታች ወደ ላይ የሚስበው በአየር ግፊት እርዳታ ስለሆነ፣ ከፍ ባለ አገር አየሩ ሲሳሳ የመሳብ አቅሙም ያንሳል። በባሕር ጠለል ላይ 7 ሜትር ያህል የሚስብ መሳቢያ 2 ሺህ ሜትር ከፍታ ባለው ደጋ ላይ ከ5 ሜትር ብዙ ላያልፍ ይችላል። ቱርቦ የሌለው የናፍታ ሞተርም በዚያ ከፍታ ወደ አንድ አምስተኛ የሚጠጋ ጉልበቱን ያጣል። ይህን ሳያውቁ የተገዛ ሞተር ከአቅሙ በላይ እየተገደደ ይሠራና ሳይቆይ ይቃጠላል። ስለዚህ መሳቢያው ከወንዙ ወለል ብዙ ሳይርቅ መተከሉ፣ ጉልበቱም ከፍታው ታስቦ መመረጡ አስፈላጊ ነው።

የጎረቤት ማኅበራት ተመካክረው አንድ ዓይነት ሞተር ቢገዙ መለዋወጫውን ዩኒየኑ በጅምላ ሊያስመጣላቸው፣ አንድ መካኒክም ለሁሉም ሊቀጥሩ ይችላሉ። እያንዳንዱ በርካሽ ያገኘውን የተለያየ ዓይነት ከገዛ ግን የአንዱ ዕቃ ለሌላው አይሆንም። ደግሞም ሁሉን ነገር መግዛት ግዴታ አይደለም። በዓመት ለጥቂት ሳምንታት ብቻ የሚሠራ ትራክተር ዕዳው ዓመቱን ሙሉ ይቆጥራል። ሥራው በቂ ካልሆነ መከራየት ወይም ከሌሎች ማኅበራት ጋር በዩኒየን በኩል መግዛት ይሻላል።

የመሪዎች ድርሻ

መሣሪያን ከሚጎዱ ነገሮች ሁሉ የከፋው አድልዎ ነው። ትራክተሩ በመጀመሪያ የሊቀ መንበሩን ዘመድ ማሳ ያረሰ እንደሆነ፣ የቀሩት አባላት ንብረቱን የእኔ ማለት ይተዋሉ። ስለዚህ ተራው በግልጽ ተለጥፎ፣ መሪዎችም እንደማንኛውም አባል ተራቸውን ጠብቀውና ከፍለው ሊያሠሩ ይገባል። ገንዘብ ተቀባዩና ሞተር አንቀሳቃሹ አንድ ሰው መሆን የለበትም። የሹፌሩ ወይም የፈጪው ክፍያ በሔክታር ወይም በኩንታል ብቻ ከሆነ መኪናውን ማሯሯጡ አይቀርም፤ በደንብ ለያዘ ሰው ጉርሻ ማሰብ ያዋጣል። ሥልጠናም ለአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ለሁለት ቢሰጥ አንዱ ሲሄድ ሥራው አይቆምም።

እንግዲህ የማኅበራት መሪዎች ከሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ በፊት ሦስት ነገሮችን ቢፈጽሙ መልካም ጅምር ይሆናል። አንደኛ፣ በማኅበሩ እጅ ያሉትን መሣሪያዎች ከነዕድሜያቸውና ከነሁኔታቸው መመዝገብ። ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ መሣሪያ ኃላፊውን በስም መመደብና የሥራ መዝገብ መክፈት። ሦስተኛ፣ የእርጅና ተቀናሹን አስልቶ በጉባኤ ማስጸደቅና የተለየ ሒሳብ ማስከፈት። ለእነዚህ ሦስት ሥራዎች ከውጭ የሚጠበቅ እርዳታ የለም፤ የሚያስፈልገው ደብተር፣ እርሳስና የመሪዎች ቁርጠኝነት ነው። የገበሬው ላብ የገዛው ሞተር ሳይቆም እንዲያገለግልና ሲያረጅም ተተኪውን እንዲተው ማድረግ የመሪዎች አደራ ነው።