«ሱዶ ጨምርበት!» ስለሚባለው ልማድ

በኮምፒዩተር ቤተ ሙከራችን ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ለማንኛውም ችግር አንድ መድኃኒት ተገኝቷል። ፋይሉ አልቀመጥ አለ? ሱዶ ጨምርበት። ፎልደሩ አልከፈት አለ? ሱዶ ጨምርበት። ፕሮግራሙ «ፈቃድ የለህም» አለ? ኧረ ምን አስጨነቀህ፣ ሱዶ ጨምርበት! ሰልጣኙ ይለዋል፣ የቤተ ሙከራው ረዳት ይለዋል፣ አልፎ አልፎም መምህሩ ራሱ ይለዋል። ሥራው እንደሆነ ለጊዜው ይሄዳል። በዚህ ጽሑፍ ልንቃወመው የተነሣነው ይህንኑ «ለጊዜው ይሄዳል» የሚለውን አስተሳሰብ ነው።

ለአዲስ ገቢዎች ነገሩን ከሥሩ ብናስረዳ ይሻላል። የምንሠራበት ሊኑክስ የዩኒክስን ሥርዓት የተከተለ ነው። በ1969 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ በኬን ቶምፕሰንና በዴኒስ ሪቺ የተጀመረው ዩኒክስ ደግሞ አንድን ኮምፒዩተር ብዙ ሰዎች እንዲጋሩት ሆኖ ያደገ ሥርዓት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ተጠቃሚ የራሱ ስምና የራሱ ፎልደር አለው፤ አንዱ በሌላው ቤት አይገባም። ከሁሉም በላይ ቁጥሩ 0 የሆነ፣ ሩት የሚባል አስተዳዳሪ አለ። እሱን «ይህ አልተፈቀደልህም» የሚለው ፋይል የለም። ሱዶ በ1980 እ.ኤ.አ. ገደማ በቡፋሎ፣ በኒው ዮርክ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሲፈጠር፣ የተፈቀደለት ሰው አንድ ትእዛዝ በሩት ስም እንዲያስፈጽም ነው። አንድ ትእዛዝ! በዚያን ጊዜ ትእዛዝ ማለት አጭር ነገር ነበር፤ ሥራውን ሠርቶ ይወጣል፣ ሥልጣኑም አብሮት ያበቃል።

ዛሬ በመስኮትና በማውስ የሚሠራ ፕሮግራም ግን እንዲህ አይደለም። አንድ መስመር ለማረም ጂኤዲትን በሱዶ የከፈተ ሰልጣኝ ለሩት ሥልጣን ያበቃው ያችን መስመር ብቻ መስሎት ከሆነ ተሳስቷል። መስኮቱን የሚስለው፣ ፊደሉን የሚመርጠው፣ ሥዕሎቹን የሚያነበው፣ የተቀዳውን ጽሑፍ የሚያመላልሰው፣ የቅርብ ጊዜ ፋይሎችን ዝርዝር የሚመዘግበው ክፍል ሁሉ አብሮ ሩት ይሆናል። በእኛ በተቋማችን አሠራር ብንመስለው፣ አንዲት ደብዳቤ ማኅተም ስላስፈለጋት ማኅተሙን ራሱን ከመዝገብ ቤት አውጥቶ ለባለጉዳዩ ለቀኑ በሙሉ ማስያዝ ማለት ነው። አገራችን ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ስም አላት፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር።

ጉዳቱ ከትንሽ ነገር ይጀምራል። በበሩ በኩል ባለው ረድፍ ያሉት አሮጌ ኮምፒዩተሮች የቆየ የኡቡንቱ እትም የተጫነባቸው ናቸው። በእነዚህ ላይ አንድ ሰልጣኝ ሱዶ ብሎ መስኮት ያለው ፕሮግራም ሲከፍት፣ ፕሮግራሙ የሚሠራው በሩት ስም ነው፤ «ቤትህ የት ነው?» ቢባል ግን የሰልጣኙን ፎልደር ያሳያል። እናም ሴቲንጉን እዚያው ያስቀምጣል፣ የፋይሎቹ ባለቤት ግን ሩት ይሆናል። በማግስቱ ሰልጣኙ በራሱ ስም ሲገባ በገዛ ቤቱ እንግዳ ነው፤ የለወጠው ሴቲንግ አይቀመጥለትም። የባሰው የሚመጣው «ኤክስኦቶሪቲ» የተባለው ስውር ፋይል በሩት እጅ ሲገባ ነው። የይለፍ ቃሉን በትክክል ይጽፋል፣ ስክሪኑ ብልጭ ይላል፣ ተመልሶ የይለፍ ቃል ይጠይቀዋል። ደግሞ ይጽፋል፣ ደግሞ ይጠይቀዋል። ከዚያ ምን ይባላል? «ቫይረስ ገብቶበታል!» ኮምፒዩተሩ ይጠፋል፣ «ተበላሽቷል» የሚል ወረቀት ይለጠፍበታል፣ ሁለት ሰልጣኞች በአንድ ወንበር ይቀመጣሉ። ቫይረስ የለም። ፋይሉን «ቻውን» በሚባለው ትእዛዝ ወደ ባለቤቱ መመለስ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። በእርግጥ ኡቡንቱ በ2019 እ.ኤ.አ. ከወጣው 19.10 እትም ጀምሮ ሱዶ የሩትን የራሱን ፎልደር እንዲጠቀም ስላደረገ፣ ይህ ጣጣ በአዲሶቹ ማሽኖች ላይ ቀንሷል።

ሁለተኛው ጉዳት በዓይን አይታይም፤ ስለዚህም ይከፋል። በ1984 እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተጀመረውና 11ኛ ቅጂው በ1987 የወጣው «ኤክስ» የተባለው የመስኮት ሥርዓት በአንድ ስክሪን ላይ ያሉትን ፕሮግራሞች ሁሉ እንደ አንድ ቤት ልጆች ያምናቸዋል። አንዱ ፕሮግራም በሌላው መስኮት የሚተየበውን ማዳመጥ ይችላል። ከዚያም አልፎ፣ ማንም ያልነካውን ቁልፍ እንደተነካ አስመስሎ ወደ ሌላው መስኮት መላክ ይችላል። እንግዲህ አስቡት፤ አንድ ሰልጣኝ ከየትም ያመጣው ጨዋታ በተራ ተጠቃሚ ስም ሲሠራ የሥርዓቱን ፋይሎች መንካት አይችልም። ከጎኑ ግን በሩት ስም የተከፈተ የፋይል መስኮት ካለ፣ በእሱ ውስጥ መተየብ ይችላል። አጥሩን መዝለል ያቃተው በክፍት በር ገባ ማለት ነው። ተርሚናልም ቢሆን ከዚህ ነጻ አይደለም፤ ነገር ግን የተርሚናል ትእዛዝ በሰከንዶች ያልቃል፣ መስኮቱ ግን ሰው ሻይ ጠጥቶ እስኪመለስ ተከፍቶ ይቆያል።

ኤክስን ለመተካት የመጣው ዋይላንድ ይህን ቀዳዳ ደፍኗል፤ እያንዳንዱ ፕሮግራም የሚደርሰው ለራሱ መስኮት የተተየበው ብቻ ነው። ፌዶራ በ2016 እ.ኤ.አ. በ25ኛ እትሙ፣ ኡቡንቱም በ2017 በ17.10 እትሙ ዋይላንድን ቀዳሚ ሲያደርጉ፣ እንደ ጂፓርትድ ያሉ በሩት ስም የሚጠሩ ፕሮግራሞች «ስክሪኑን መክፈት አልቻልኩም» እያሉ ቆሙ። ብዙ ተጠቃሚ ነጻነቱ የተነካ መስሎት ጮኸ። ኤክስሆስት በተባለ ትእዛዝ በሩን መልሶ የሚከፍት ዘዴም ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ እዚህም ደርሷል፣ በደብተር ተጽፎ አይተነዋል። የይለፍ ቃል ጠይቆ መስኮት ያለውን ፕሮግራም በሩት ስም የሚከፍተውን ጂኬሱን ደግሞ ዴቢያንና ኡቡንቱ በ2018 እ.ኤ.አ. አስወጥተውታል። ፊልም ማሳያው ቪኤልሲም በሩት ስም ሲጠሩት አልሠራም ብሎ ይመለሳል። ሠሪዎቹ ይህን ያህል እየከለከሉ እኛ ዙሪያ መንገድ ፍለጋ የምንባዝንበት ምክንያት አይታየንም።

«ይህ ሁሉ ፍርሃት ነው፤ ስንት ዓመት ስንሠራበት ምን ሆነ?» የሚሉ ባልደረቦች አሉ። ለእነሱ የምንጠቅሰው ሁለት ነገር አለ። በጥር 2021 እ.ኤ.አ. በሱዶ ውስጥ ከ2011 ጀምሮ ተደብቆ የኖረ ጉድለት ተገለጠ። በጥር 2022 ደግሞ ፒኬኤግዜክ በተባለው ተመሳሳይ መሣሪያ ውስጥ ከ2009 ጀምሮ የነበረ ጉድለት ተገኘ። ሁለቱም ተራውን ተጠቃሚ ያለ ፈቃድ ሩት የሚያደርጉ ነበሩ። ወዲያው ታርመዋል። ግን ልብ እንበል፤ እነዚህ ለጥበቃ ተብለው የተጻፉ፣ ባለሙያ የሚመረምራቸው ትንንሽ ፕሮግራሞች ናቸው። እነሱ አሥር ዓመት ያህል ስውር ጉድለት ይዘው ከኖሩ፣ ሥዕል ለማንበብና መስኮት ለማሳመር የተጻፈው ግዙፍ ኮተት በሩት ሥልጣን ሲሮጥ ምን ይዞ እንደሚኖር ማን ያውቃል?

ሌላም ክርክር አለ፣ እሱ እንኳ ሚዛን የሚደፋ ነው። «የግል ላፕቶፔ ላይ የሚያሳስበኝ የራሴ ጽሑፍ ነው፤ እሱ ደግሞ ሩት ሳይኮንም ይጠፋል» ይላሉ። እውነት ነው። በግል ላፕቶፕ ላይ የሩት አጥር የሰውየውን ፎቶና ጽሑፍ አያድንም። የቤተ ሙከራው ኮምፒዩተር ግን ጠዋት የአንዱ፣ ከሰዓት የሌላው፣ ማታ የክረምት ሰልጣኙ ነው። እዚህ ሩት የተነካ እንደሆነ የሁሉም ይለፍ ቃል፣ የሁሉም የማስተማር ልምምድ ዕቅድ ተነካ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ማኅተሙን ከመዝገብ ቤት ሳናወጣ ደብዳቤውን ወስደን የምናስመታበት መንገድ ተሠርቶ ተቀምጧል። አንድ የሥርዓት ፋይል ማረም የፈለገ «ሱዶኤዲት» ብሎ የፋይሉን ስም ይጻፍ። ፋይሉ ተቀድቶ በሰልጣኙ ስም ይከፈታል፣ ማረሚያው በተራ ተጠቃሚ ሥልጣን ይሠራል፣ ሲዘጋ የታረመው ቅጂ በሩት እጅ ወደ ቦታው ይመለሳል። በጂኖም የፋይል መስኮት ውስጥ ደግሞ በአድራሻው ቦታ «አድሚን» ብሎ፣ ሁለት ነጥብና ሦስት ያጋደሉ መስመሮች አስከትሎ ፎልደሩን መጻፍ ይቻላል። መስኮቱ የተጠቃሚው ሆኖ ይቀራል፤ ከበስተኋላ ያለ ትንሽ ረዳት ብቻ የይለፍ ቃል ጠይቆ በሩት ስም ይሠራል። «ዲስክስ» የተባለውም ፕሮግራም በዚሁ ዘዴ ይሠራል። ጂፓርትድ ሙሉ በሙሉ ሩት መሆን ይፈልጋል፤ እሱን መጠቀም ግድ ሲሆን ሌላውን መስኮት ሁሉ ዘግቶ፣ ሥራን ጨርሶ መውጣት ነው።

በዚህ ሰሞን ከመምህራን በኩል «ሰልጣኞች ከሱዶ ጨርሶ ይታገዱ» የሚል ሐሳብ ቀርቧል። የማሽኖቹ መበላሸት እንዳማረራቸው እናውቃለን። ነገር ግን አንስማማም። ከዚህ የሚመረቀው ሰልጣኝ ነገ የሚመደበው የኮምፒዩተር ባለሙያ በሌለበት ትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል። የዚያ ክፍል ሩት እሱ ራሱ ነው፤ አርባ ተማሪም ከኋላው ቆሞ እጁን ያያል። እዚህ ያልነካውን ሥልጣን እዚያ እንዴት አድርጎ ይይዘዋል? እሱ «ሱዶ ጨምርበት» ካለ ተማሪዎቹም ይህንኑ ይዘው ይወጣሉ። ይልቅስ የሚታገደው በጥቁር ሰሌዳው ጥግ በጠመኔ ተጽፎ የሚገኘው የአስተዳዳሪው ይለፍ ቃል ነው። እሱ ዛሬውኑ ይጥፋ፣ ይለወጥም። ለእያንዳንዱ ሰልጣኝ የራሱ ስም ይከፈትለት፤ ሱዶ በራሱ ይለፍ ቃል ይሠራለታል፣ ማን ምን እንዳዘዘም በመዝገብ ይቀመጣል።

ከዚህ በተጨማሪ የሱዶኤዲትንና የአድሚንን አጠቃቀም፣ የቻውንንም መፍትሔ የያዘ ግማሽ ገጽ ወረቀት በየኮምፒዩተሩ ጎን እንዲለጠፍ እንጠይቃለን። ጽሑፉን እኛው እናዘጋጃለን። የቤተ ሙከራው ኃላፊ ማጣበቂያ ይስጠን፤ በበሩ በኩል ካለው ረድፍ እንጀምራለን።