ጭፈራውን ከሥዕሉ ማን ለየብን?

ወገኖቼ፣ አንድ ሥዕል ላስታውሳችሁ። ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ አለ። የ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሊቅ ቅዱስ ያሬድ መቋሚያና ጸናጽል ይዞ ይዘምራል፣ ፊት ለፊቱ ንጉሥ ገብረ መስቀል ቆሟል። የንጉሡ ጦር የያሬድን እግር ወግቶ ደም ይፈሳል። እሱ ግን አልተሰማውም፣ ንጉሡም ልብ አላለም። ሁለቱም በዜማው ተመስጠዋል።

ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ ሥዕል አይንቀሳቀስም፣ ድምፅም የለውም። ታዲያ የድሮው ሠዓሊ ዜማና ሽብሸባን እንዴት ግድግዳ ላይ አስቀመጠው? በዚያች እግር ነዋ! ሰው እንደዛ ቆስሎ ካላቆመ ዜማው ምን ያህል ቢወስደው ነው ትላላችሁ። ድምፁን ሳትሰሙ ኃይሉን አያችሁት።

አሁን ደግሞ ወደ ማኅሌቱ ግቡ። ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን ይዘው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲዘምሙ አባቶች ትርጓሜውን ይነግሩናል፦ ጌታ መስቀሉን ተሸክሞ ሲሄድ መንገላታቱ ነው። የከበሮው ጠፍር የግርፋቱ ሰንበር ነው። እንግዲህ ግድግዳው ላይ የተሣለውን ሕማማት ሊቃውንቱ ወለሉ ላይ በገላቸው ይደግሙታል ማለት ነው። ፊደል ያልቆጠረ አያታችን ሁለቱንም ያነብ ነበር። ክታብ ላይ ጠልሰም የሚሥለውና ማኅሌት የሚቆመውም ብዙ ጊዜ ያው አንድ ደብተራ ነበር።

ነገሩ የሰሜኑ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኦሞ ወንዝ ዳር ያሉት ካሮዎች ለጭፈራ ሲዘጋጁ ገላቸውን በነጭ ጠመኔ ይሥላሉ። ሥዕሉ የተሠራው ለሚዘል ገላ ነው። ቱሪስቱ ግን ያቆማቸዋል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ብር ሰጥቶ ይሄዳል። ሥዕሉን ወሰደ፣ ጭፈራው ቀረ።

እኛስ ከቱሪስቱ በምን ተሻልን? እስክስታን ለሆቴል ግድግዳ ፊት የሌላት ሴት አድርገን እንሥላለን። የጎጃሙ፣ የጎንደሩና የወሎው ትከሻ አንድ ዓይነት ሆኖ ይሸጣል። መድረክ ላይ ያለው ልጅም የሚያሳየው እንቅስቃሴ ከየት እንደመጣ የነገረው የለም። ሁለቱ ሲለያዩ ሁለቱም ጌጥ ሆኑ። ጌጥ ደግሞ ሲሰለች ይጣላል።

እንደሚቻል ያሳየ ሰው ግን አለ። ካዛንቺስ የነበረው ፈንዲቃ አዝማሪ ቤት ነበር። ተወዛዋዡ መላኩ በላይ ተረክቦ የባህል ማዕከል ሲያደርገው የሥዕል ማሳያም ጨመረበት። ጭፈራ ሊያይ የመጣ ሰው ሥዕልም አይቶ ይወጣ ነበር። ሰፈሩ ሲፈርስ ያ ቤትም አብሮ ፈረሰ። ሐሳቡ ግን በዶዘር አይፈርስም።

ስለዚህ ማንንም አንጠብቅ። ዲግሪ ይዘን ቤት የተቀመጥን ብዙ ነን፤ ቢያንስ ጊዜ አለን። ሥዕል የምትሞክሩ፣ ከፎቶ መገልበጡን ተዉትና ደብተራችሁን ይዛችሁ ሠርግና ንግሥ ላይ ተገኙ፤ የሚንቀሳቀስ ሰው ሣሉ። የምትጨፍሩም ቲክቶክ ላይ ከመልቀቃችሁ በፊት የአካባቢያችሁን አዛውንት "ይሄ እንቅስቃሴ ምንን ያሳያል?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን በስልካችሁ ቅረጹ። እነሱ ካለፉ በኋላ የምንጠይቀው ሰው አይኖርም።

አገር መውደድ ፕሮፋይል ላይ ባንዲራ መለጠፍ ብቻ አይደለም። ገላችን የሚያውቀውን ዓይናችን ካላወቀው፣ ነገ የራሳችንን ጭፈራ ከቱሪስት ፎቶ ላይ ነው የምንማረው።

በየሰፈራችሁ ያለውን ኮሜንት ላይ ጻፉ፣ ሼር አድርጉት።

ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር!