ምርመራው ከገዢው ይጀምር

የተዳቀለች ጊደር የሚገዛ ሰው ብዙ ይጠይቃል። እናቷ በቀን ስንት ሊትር ትታለባለች፣ ካረገዘች ስንት ወሯ ነው፣ አራቱም ጡቷ ደህና ነው ወይ ይላል፤ ጥርሷን ያያል፣ ከደላላው ጋር ዋጋ ይከራከራል። ቲቢ ተመርምራለች ወይ የሚል ግን ጥቂት ነው። የሚል ቢኖርም መልሱ በዓይን አይታይም። የከብት ሳንባ ነቀርሳ የያዛት ላም ሳትከሳ፣ ሳታስል፣ ወተቷን እየሰጠች ዓመታት ልትቆይ ትችላለች። ስለዚህ ከመቶ ሺህ ብር በላይ የወጣባት ጊደር በአይሱዙ ተጭና ከመሃል አገር ጎንደር ወይም ሐዋሳ ስትገባ፣ ምን ይዛ እንደገባች ብዙውን ጊዜ ሻጩም ገዢውም አያውቁም።

ጉዳዩ ተራ ስጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመና በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ባሉ የወተት አካባቢዎች የተካሄደ ጥናት ሦስት ሺህ ያህል ከብቶችን በቆዳ ምርመራ አይቶ ነበር። 30 በመቶው በሽታው እንዳለባቸው ምርመራው አመለከተ፤ ከታዩት እርባታዎች በግማሾቹ ውስጥ ደግሞ ቢያንስ አንድ እንዲህ ያለ ከብት ተገኝቷል። በመስክ ተሰማርተው የሚውሉት የአገራችን ዝርያዎች ላይ ቁጥሩ እጅግ ዝቅ ይላል። ችግሩ የሚከፋው ከሆልስታይን በተዳቀሉትና በጠባብ በረት አብረው ሲተነፍሱ በሚውሉት ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ በጎንደር፣ በሐዋሳና በመቀሌ የተደረጉ ጥናቶች ያገኙት መጠን ከመሃል አገሩ በብዙ ያነሰ ነው። ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው ቁም ነገር ይህ ልዩነት ነው፤ ገና ያልተበላሸ፣ ልንጠብቀው የምንችል ነገር አለ ማለት ነውና። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሌማት ትሩፋት ስም የወተት ልማቱ ሲስፋፋ የተዳቀለች ጊደር ፈላጊው በዝቷል። የምትገኘውም በአብዛኛው ከሰላሌ፣ ከሆለታ፣ ከቢሾፍቱና ከአዲስ አበባ ዙሪያ ነው። ጊደሯ ወደ ክልል ከተሞች በምትሄድበት መንገድ በሽታውም አብሮ ይሄዳል።

ይህን ዋጋ ከፍሎ የተማረ አገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 በብሪታንያ የአፍና እግር በሽታ ተነስቶ ከስድስት ሚሊዮን በላይ እንስሳት ታረዱ፤ በዚያው ግርግር የቲቢ ምርመራው ተቋረጠ። በረታቸው ባዶ የቀረባቸው ገበሬዎች ከየትም ከብት ሲገዙ፣ ቲቢ ብዙም ወደማይታወቅባቸው እንደ ከምብሪያ ወዳሉ አካባቢዎች በሽታው አብሮ ተገዛ። ከዚያ በኋላ ነው እ.ኤ.አ. በ2006 በእንግሊዝ ከብት ከመዘዋወሩ በፊት ይመርመር የሚለው ደንብ የጸናው። ቲቢ በሚበዛባቸው አካባቢዎች ያለ ሻጭ በራሱ ወጪ ያስመረምራል፤ ውጤቱ ለ60 ቀን ብቻ ያገለግላል። መጀመሪያ ከ15 ወር በላይ የሆናቸውን፣ በዓመቱ ደግሞ ከ42 ቀን በላይ የሆናቸውን ሁሉ ያዘ። ነጋዴው መጮሁ አልቀረም። በሽታው በአንዲት ላም ከተገኘ እርባታው በሙሉ ይዘጋል፣ ጥጃ ሳይቀር መሸጥ ይከለከላል፣ የወራት ገቢ ይቀራል። እንግሊዝም እስካሁን ከበሽታው አልተገላገለችም። ድሮም በሽታው የቀለለላት ስኮትላንድ ግን ከዚያ የሚመጣውን ከብት አስመርምራ እያስገባች ቆየች፤ እ.ኤ.አ. በ2009ም በአውሮፓ ኅብረት ነጻ ተባለች። ያልያዘውን መጠበቅ የያዘውን ከማዳን እንደሚቀል ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላገኘሁም።

ታዲያ ያንኑ ደንብ ገልብጠን እናውጣ? አይሆንም። እዚያ ሻጩ የሚታዘዘው ለሁለት ነገሮች ሲል ነው፤ የምትታረድበትን ላም ካሳ መንግሥት ይከፍለዋል፣ እያንዳንዷ ላም ደግሞ የጆሮ ቁጥርና የራሷ ሰነድ ስላላት ሸሽቶ የሚሸጥበት መንገድ ጠባብ ነው። እኛ ዘንድ የእንስሳት በሽታ መቆጣጠሪያው አዋጅ ቁጥር 267/1994 ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ቢሆነውም፣ የወተት ላሞችን ቲቢ መርምሮ የሚያስወግድ አገር አቀፍ ፕሮግራም አልተዘረጋም። ከሦስት ላሞች አንዷ በተያዘችበት አካባቢ ለሁሉም ካሳ ይከፈላል ማለት ላም አለኝ በሰማይ ነው። ካሳ በሌለበት ሻጩን አስገድዶ መመርመር ደግሞ ውጤቱ የታወቀ ነው፤ በሽተኛዋ ላም ሐኪሙ በማግስቱ ሳይመለስ በሌሊት ትሸጣለች።

ስለዚህ ደንቡ ከገዢው፣ ያውም ከትልቁ ገዢ ይጀምር። ጊደር በብዛት የሚገዙት የመንግሥት ፕሮግራሞች፣ የኅብረት ሥራ ዩኒየኖችና የእርዳታ ድርጅቶች ናቸው፤ ለጊደር መግዣ ብድር የሚሰጡ ማይክሮ ፋይናንሶችም አሉ። እነዚህ ሁሉ ካልተመረመረ እርባታ አንገዛም፣ አናበድርም ቢሉ ማንንም ማሰር፣ ማንንም መቅጣት አያስፈልግም። ጤነኛ መንጋ ያለው አርቢ ራሱ ሐኪም ይጠራል፤ መንጋው ነጻ መሆኑን የሚያሳየው ወረቀት ዋጋ ያወጣለታልና።

እርባታ ያልኩት በምክንያት ነው። ምርመራው ቱበርኩሊን የሚባለውን ንጥረ ነገር አንገቷ ቆዳ ውስጥ ወግቶ፣ ከ72 ሰዓት በኋላ ተመልሶ የቆዳውን እብጠት በሚሊሜትር መለካት ነው። የአንድ ቀን ገበያ ላይ የሚሠራ አይደለም፤ ላሟ ከቤቷ ሳትወጣ ማለቅ አለበት። ከዚያም በላይ በሽታው ካለባቸው አምስት ላሞች አንዷን ያህል ሊያመልጥ ይችላል። የአንዲት ጊደር ነጻ ወረቀት ብቻውን ደካማ ነው፤ የመንጋው ሁሉ፣ ያውም ተደግሞ የተገኘ ነጻ ውጤት ግን ትልቅ ክብደት አለው። ተንኮሉም አይረሳ። ቀድማ የተወጋች ላም ለሳምንታት ያህል ሁለተኛውን መርፌ በደንብ ላትመልስ ስለምትችል፣ ቱበርኩሊኑና መዝገቡ በኃላፊነት ከሚጠየቅ ሐኪም እጅ መውጣት የለባቸውም።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ ይህ ነው፤ ትልቁ ገዢ የጣላት ላም የት ትሄዳለች? ረክሳ ደሃው ይገዛታል። እውነት ነው፣ ይህን ሙሉ በሙሉ የሚያስቀር መላ የለኝም። ነገር ግን ያቺ ላም ዛሬም እየተሸጠች ነው፤ ልዩነቱ ዛሬ በሙሉ ዋጋ መሸጧ ነው፣ ደሃውም በብድር የሚገዛት ይህችኑ ላም ነው። ለደሃው የሚገዙና የሚያበድሩት ተቋማት መጀመሪያ ደንቡ ውስጥ ይግቡ የምለውም ለዚህ ነው። በሽታው የተገኘባት ላም ለእርባታ አትሸጥ፣ ወተቷ ይፈላ፣ ስታረጅ በሥጋ መርማሪ ፊት ትታረድ። ሰው የሚፈራውን ያህል የከብቱ ቲቢ ወደ ሰው አይተላለፍም የሚሉም አሉ፤ ከፊል እውነት አላቸው፣ በአገራችን የሰው ቲቢ አብዛኛው ከሰው የሚመጣ ነው። ጥሬ ወተት በሚጠጣበት አገር ግን ይህ መዘናጊያ አይሆንም፤ የአርቢው ኪሳራም ራሱን የቻለ ነገር ነው።

ክትባት እየመጣ ምርመራ ለምን የሚልም ይኖራል። ለሕፃናት የሚሰጠውን የቢሲጂ ክትባት ለጥጆች ሰጥቶ እዚሁ ኢትዮጵያ የተደረገ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2024 ታትሟል፤ በመንጋ ውስጥ መተላለፉን በ90 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ትልቅ ተስፋ ነው። ችግሩ የተከተበች ጥጃ በተለመደው ቱበርኩሊን ስትመረመር እንደ በሽተኛ ልትቆጠር መቻሏ ነው፤ የተከተበችውን ከታመመችው የሚለይ ሌላ መመርመሪያ ያስፈልጋል። ስለዚህ የምርመራው ወረቀት ዛሬ ሲታተም «ተከትባለች ወይ? መቼ?» የሚል ዓምድ ይጨመርበት፤ ጥጆች በብዛት መከተብ ከጀመሩ በኋላ ወደ ኋላ ሄዶ መዝገብ ማስተካከል አይቻልም።